ልጄ የት ይተኛ

የአማቴ ቤት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። እኔና ባሌ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ የሁለታችንም ሥራ እዚያ ስለሆነ። ወንድ ልጃችን እንደተወለደ በየጁምዓው የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እንድናድር ተወሰነ። የወሰኑት አማቴ ናቸው። ባሌ "እሺ እማ" አለ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ሻንጣ ማዘጋጀት ብቻ ጀመርኩ።

ከመጀመሪያውም አንዋደድም ነበር። እኔ የቦሩ ሜዳ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ኮምቦልቻ ወርጄ ፋብሪካ የገባሁት ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው። እሳቸው ደግሞ ለልጃቸው ያሰቡለት የደሴ ነጋዴ ልጅ ነበረች። ይህን ከሌላ ሰው አልሰማሁም። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ ኒካሁ በታሰረ ሰሞን ጓዳ ቁጭ ብለን ሽንኩርት ስንልጥ።

"እሱ ወዶሻል፣ እኔ ምን አደርጋለሁ" አሉኝ።

"ምንም አያደርጉም" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ያለው ነገር ብዙም መልኩን አልቀየረም። ከእሳቸው ጋር የምትኖር የባሌ ታላቅ እህት አለች፤ አግብታ ፈትታ የተመለሰች። እሷም በእናቷ በኩል ቆመች፤ አይፈረድባትም፣ የምትበላው ከእናቷ እጅ ነው። እኔ ግን ፈርጄባታለሁ።

ጠቡ ወደ ልጁ መኝታ የመጣው እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ በተከራየንበት ግቢ፣ ከእኛ ጋር አንድ ግድግዳ የምትጋራ ሴት ነበረች። እሷም እንደኔ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። አንድ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ጨቅላ ልጇን ጡት እያጠባች እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ልጁ ከክንዷ ሥር ነበር። ጩኸቷን በግድግዳው በኩል ሰማሁ፤ መጀመሪያ የደረስኩትም እኔ ነኝ። ያኔ የራሴ ልጅ ሆዴ ውስጥ ነበር። ክፉ ቃል የተናገራት አልነበረም፤ ሁሉም "የአላህ ሥራ ነው፣ አብሽሪ" አላት። ግን ዓይኗን የሚያይም አልነበረም። ብዙም ሳትቆይ ክፍሏን ለቅቃ ወደ አገሯ ሄደች። እኔ ልጄ ከማንም ጋር፣ ከራሴም ጋር ቢሆን፣ አንድ አልጋ ላይ እንደማይተኛ ማልኩ። ለባሌ ነገርኩት፤ እሱም ጩኸቱን ሰምቶ ስለነበር አልተከራከረኝም። ለቤታችን አናጺ ትንሽ አልጋ ሠራልን።

ደሴ ግን የአናጺው አልጋ አልነበረም። የነበረው የአማቴ አልጋ ነው፤ ሰፊ፣ መሐሉ የጎደጎደ፣ ላዩ ላይ ሁለት እጥፍ ሆኖ የሚዘረጋ ከባድ ብርድ ልብስ ያለው። ልጁ እዚያ፣ በእሳቸውና በግድግዳው መካከል እንዲተኛ ፈለጉ። እኔ ጭኔ ላይ አስተኝቼው ቁጭ ብዬ እውል አድር ነበር። እህትየዋ "ልጅ መታቀፍ የጀመረ በአንች ነው እንዴ?" ትለኛለች።

አንድ ጁምዓ ከምሳ በኋላ የልጁን ጨርቅ ላጥብ ጓሮ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ አማቴ ተኝተዋል። ልጁ ከጎናቸው ነው፤ ክንዳቸው ደረቱ ላይ ነው፣ የብርድ ልብሱ ጠርዝ አፍንጫው ላይ ደርሷል። ፊቱ በላብ ርሷል። ክንዳቸውን ገፍቼ ሳነሳው ነቁ።

"ምን ሆንሽ?"

"ሊታፈንብኝ ነው እማማ።"

"ባልሽን ያሳደግኩበት አልጋ ነው።"

"የዛሬ ሐኪም እንዲህ አይተኛ ይላል።"

"በእኔ ዘመን ሕፃን አይተነፍስም ነበር?" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስለ ጎረቤቴ ልነግራቸው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አልነገርኳቸውም። የዚያችን ሴት ሐዘን ለእህትየዋ ወሬ አሳልፌ መስጠት አልፈለግኩም። ተጣጥፎ የሚያዝ የሕፃን አልጋ ለመግዛት የወሰንኩት ያን ዕለት፣ የልጄን ላብ በነጠላዬ እየጠረግኩ ነው።

በመጀመሪያ ኮምቦልቻ ውስጥ ፈለግኩ። ባለሱቁ እንደ ጃንጥላ የሚከፈት፣ አጎበር የተሰፋበት ነገር አወረደልኝ። ቀላል ነው፤ በአንድ እጅ ይያዛል። ለወባም ይሆናል። እጄን ሰድጄ ፍራሹን ስጫነው ስፖንጁ እስከ አንጓዬ ዋጠው። አንድ ልጅ ፊቱን ቢደፋበት ምን እንደሚሆን ለማሰብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከደጃፉ ላይ አነስተኛ የሩዝ ከረጢት አነሳሁና ጫፉ ላይ አስቀመጥኩት። አልጋው ከነሩዙ ተገለበጠ።

"ሩዝ ነው እንዴ የምታስተኚው?" አለኝ ባለሱቁ።

"ልጄ ከሩዝ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል።"

"ሰው ሁሉ ይሄንን ነው የሚወስድ።"

"ሰው ሁሉ ይውሰድ።"

"ሂጂ አቦ፣ አታድርቂኝ" አለ፤ ከረጢቱን ከመሬት አንስቶ። ሄድኩ። ሌላው ሱቅ የነበረው ጆሮ ያለው የቀርከሃ ቅርጫት ነው። ያምራል፤ ግን ልጄ ክረምቱ ሳይገባ እግሩ ይወጣበታል። ሌላው ዘንድ ደግሞ የእንጨት ነበር፤ ይታጠፋል ይባላል እንጂ ለማጠፍ መፍቻ ይፈልጋል፣ ለመሸከም ደግሞ ሰው መቅጠር። ባሌ አብሮኝ ዞሮ ደከመው። "አንዱን ያዥና እንሂድ" አለኝ። የሚተኛበት እሱ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ እንደማይል ነገርኩት። እስከ ቤት ሳንነጋገር ገባን።

የሚሆነውን ያገኘሁት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ብዙ ዓመት አረብ አገር ኖራ የተመለሰች ሴት ሱቅ ነበር። ከጥግ አንድ ረዘም ያለ ከረጢት ጎትታ አወጣች። ሲዘረጋ አራቱም ጎኑ መረብ ነው፤ እግሮቹ ብረት፤ ወለሉ ጠንካራ። ፍራሹ ቀጭን ነው፣ ጠርዙ ከመረቡ ጋር ገጥሟል፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለውም። መረቡን ፊቴ ላይ አድርጌ ተነፈስኩ። አየሩ ያልፋል። ከዚያ የላይኛውን ብረት ቆልፌ በሁለት ክንዴ ተደገፍኩበት፤ ክብደቴን ሁሉ ጣልኩበት።

"ልትገዢው ነው ወይስ ልትሰብሪው?" አለች ሴትዮዋ።

"ካልተሰበረ እገዛዋለሁ።"

"በሰው አገር የሰው ልጅ ያሳደግኩበት ዓይነት ነው። ካላመንሽኝ ተይው።"

"አንችን አይደለም የምፈትነው፣ ብረቱን ነው።"

አልተሰበረም። ዋጋው ላይ ደግሞ ተነታረክን፤ እሷም አልራራችልኝ፣ እኔም አልለመንኳት። ተኮራርፈን ተለያየን። ይኸው እስከ ዛሬ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ሴትዮዋን ግን በሱቋ በር ሳልፍ ሰላም አልላትም።

በባጃጅ ይዤው ቧንቧ ውሃ ስገባ አማቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከረጢቱን ፈትቼ ዘረጋሁት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የልጁ አልጋ ነው።"

"የዶሮ ቤት መስሎኝ" አለች እህትየዋ ከውስጥ ወጥታ፣ እየሳቀች።

አማቴ ግን አልሳቁም። ተነስተው መጡና ብረቱን በጣታቸው ነኩት፤ ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ። "ቃሬዛ ቤቴ አታስገቢ" አሉኝ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልጋውን አንስቼ አስገባሁት። ልጁን ከዚያው አስተኛሁት። ሁለቱም ሌላ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አልጋውን ይዤ መውጣትና መውረድ ሆነ ሥራዬ። ደሴ ትቼው ብሄድ ይቀለኝ ነበር፤ ግን እዚያ ቤት ትቼው የማገኘው አልመሰለኝም። የሚኒባስ ረዳቶች ሁሉ ጠሉኝ። "ላይ ይጫን" ይላሉ፤ እኔ ዝናብ ይነካዋል እላለሁ። በጉልበቴ መካከል አቁሜ፣ ልጁን ታቅፌ፣ የሐረጎን መጠማዘዣ ስንወጣ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እግሩን እያሻሸ ያጉረመርማል። አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ቤቱን እንዳለ ነቅለሽው መጣሽ እንዴ?" አሉኝ። መኪናው ሁሉ ሳቀ። ባሌም ሳቀ። ያን ሳምንት አላናገርኩትም።

እሱም ሰልችቶት ነበር። "ለሰላም ስትይ አንድ ቀን ከእሷ ጋር ቢተኛ ምን ይሆናል?" አለኝ።

"አንድ ቀን ነው የሚበቃው" አልኩት። ግድግዳውን አየ፤ የዚያችን ሴት ክፍል።

አንድ ቅዳሜ ቦሩ ሜዳ ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ፤ የአክስቴ ባል ሞቶ። ብርድ ስለነበር ልጁን መውሰድ አልፈለግኩም። በአልጋው ውስጥ እንደተኛ ለባሌ አደራ ሰጠሁትና በሚኒባስ ሄድኩ። ደርሼ፣ አልቅሼ፣ ቶሎ ተመለስኩ። የግቢውን በር ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት አልጋውን ነው። ጓሮ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። ውስጡ እስከ ግማሹ ዛላ በርበሬ ተሞልቷል።

እህትየዋ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ቀና ብላ አየችኝ።

"ባዶውን ከሚቆም ብዬ ነው" አለች። "ነፋስ ስለሚያሳልፍ ደግ ነው፣ ቶሎ ያደርቃል።"

ቤት ገባሁ። ባሌ ለሶላት መስጊድ ሄዷል። ልጄ በዚያ ሰፊ አልጋ ላይ፣ በሁለት ትራስ መካከል፣ እስከ አገጩ ተሸፍኖ ተኝቷል። አማቴ ከጎኑ ጋደም ብለዋል፤ አልተኙም፤ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። አንስቼ አዘልኩት። ጓሮ ወጥቼ አልጋውን በአንድ ጎኑ ገለበጥኩት፤ በርበሬው በሙሉ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። እህትየዋ ተነስታ ክንዴን ያዘችኝ።

"አብደሻል?"

"እጅሽን አንሺ።"

አነሳች። ፊቴ ላይ ያየችው ነገር ሳይሆን አይቀርም። አልጋውን አጥፌ ስወጣ አማቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

"ልጁን ይዘሽ ከወጣሽ ተመልሰሽ አትምጪ።"

"እሺ" አልኳቸው። ጥሩ መልስ ነበር፤ ዛሬም አልጸጸትበትም።

ኮምቦልቻ ገብቼ መረቡን አጠብኩት። በርበሬው ስፌቱ ውስጥ ሁሉ ገብቶ ነበር። ደጋግሜ አጥቤ፣ ደጋግሜ አስጥቼ፣ እጄ እየተቃጠለ፣ በዚያ እጄ ልጁን መንካት እየፈራሁ። ባሌ ማታ ሲመጣ ውሃውን አየው። ቀይ ነበር። "እህትሽ... እህቴ ናት ያደረገችው?" አለ፤ ምላሱ ተያያዘበት። "ማን መሰለህ?" አልኩት። ተቀምጦ አብሮኝ አጠበ፤ ግን እናቱን የሚነቅፍ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣም። ያንን አልረሳለትም።

ከዚያ ወዲያ ደሴ መሄድ ተውኩ። ባሌ ጁምዓ ጁምዓ ብቻውን ይወጣል፣ ቅዳሜ ተኮሳትሮ ይመለሳል። ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲባል ሰማሁ፤ ይምጡ፣ የበርበሬውን ነገር እነግራቸዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ። የመጣው ግን ሽማግሌ አይደለም። አንድ ረፋድ፣ ፈረቃ በሌለኝ ቀን፣ በሩ ተንኳኳ። አማቴ ናቸው፤ ብቻቸውን፤ በደሴ ብርድ የለበሱትን ወፍራም ጋቢ በኮምቦልቻ ሙቀት ደርበው፣ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ። ከተጋባን ጀምሮ ቤታችንን ረግጠው አያውቁም።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩም ሰላም። ይግቡ እማማ።"

ልጁ በዚያ በሚታጠፈው አልጋ ውስጥ ነበር፤ ነፋስ እንዲያገኘው በሩ አጠገብ አድርጌው። ውሃ አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም። በርጩማውን ስበው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ጨርቅ አጥፋለሁ። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን ከላይ አስገቡና የሌባ ጣታቸውን ጀርባ ወደ ልጁ አፍንጫ አስጠጉ። መለሱት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አስጠጉ። ደግሞ።

"ምን እያዩ ነው?"

"ይተነፍስ እንደሆነ።"

"ይተነፍሳል።"

"አሁን ይተነፍሳል" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "ለምንድን ነው ብቻውን የምታስተኚው? እውነቱን ንገሪኝ። እኔን ለማናደድ ከሆነ ንገሪኝ።"

ያኔ ነገርኳቸው። ግድግዳውን በእጄ እያሳየሁ፣ የፈረቃውን፣ የጩኸቱን፣ በሩን ገፍቼ ስገባ ያየሁትን። ስጨርስ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሳቸው ፊት በመንቀጥቀጡ በራሴ ተናደድኩ።

አማቴ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

"አንች ተተኝቶበት የሞተ አይተሻል" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ብቻውን ተኝቶ የሞተ አይቻለሁ።"

ከባሌም ከእህቱም በፊት ሴት ልጅ ወልደው ነበር። ገና ለጋ ሙሽራ ነበሩ። በቤቱ ድግስ ተደግሶ እንግዳ ሞልቶ፣ የእሳቸው አማት "ልጅቱን ጓዳ አስተኝተሽ ና አስተናግጂ" አሏቸው። አስተኟት። ማንም አልተኛባትም፣ ከባድ ነገር አልተጫናትም፣ አልታመመችም፣ አላለቀሰችም። ጡታቸው ሲወጥራቸው ሊያጠቧት ገቡ። "ቀዝቅዛለች" አሉኝ። "ከማን ጋር ነበረች? ከማንም። አንድ ሰው ከጎኗ ቢኖር ይሰማት ነበር።"

"ልጆችዎ ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"ለእኔ ለምን ነገሩኝ?"

"ለአንች ብዬ አይደለም" አሉ። "ለሱ ብዬ ነው።"

አሳዘኑኝ ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሼ ተቃጠለ። "ይህን ከመጀመሪያው ቢሉኝ ኖሮ" አልኳቸው፣ "ቃሬዛ ከሚሉኝ።"

"አንችስ የግድግዳሽን ለምን አልነገርሽኝም?"

ልጁ ተገላበጠ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ጎንበስ አልን፤ ግንባራችን ሊጋጭ ምንም አልቀረው። እሳቸው ቀድመው ቀና አሉ።

ከዚያ መደራደር ጀመርን፤ እንደ በግ ገበያ ሰው።

"ከአልጋዬ ጋር ይጣበቅ" አሉ። "በመካከሉ ሰው አይለፍ።"

"ይሁን። ብርድ ልብስ ግን አይገባበትም።"

"ደሴ እኮ ነው። ይበርደዋል።"

"ወፍራም ልብስ አለብሰዋለሁ።"

"ኮፍያም።"

"ሲተኛ ኮፍያ የለም።"

"እጄን ላስገባ።"

"እጅዎን ያስገቡ።"

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ፌስታላቸውን ልያዝላቸው ብል አልሰጡኝም። ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮት "በርበሬውን እኔ አላዘዝኩም" አሉኝ። ላለማዘዝማ አላዘዙ ይሆናል፤ የመኝታ ቤታቸው መስኮት ግን ወደ ጓሮው ነው፤ ሲሞላ አይተዋል።

በሚቀጥለው ጁምዓ ወጣን። አልጋውን ከእሳቸው አልጋ ጋር አጣብቄ ቆለፍኩት። አማቴ ጋደም አሉና ክንዳቸውን በብረቱ ላይ አሳልፈው መዳፋቸውን ልጁ ሆድ ላይ አደረጉ። እንደዚያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ክንዳቸው ደንዝዞ፣ የብረቱ ጠርዝ ቀይ መስመር አስምሮበት ነበር። ያንን መስመር ለጎረቤት ሁሉ አሳዩ፤ የምራታቸው ብረት እጃቸውን እንደቆረጣቸው፣ ለልጁ ሲሉ እንደቻሉት ተናገሩ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ነው ይህን የሚያወሩት። በብረቱ ጠርዝ ላይ ፎጣ ጠቀለልኩበት። ፎጣውን አነሱት፤ ይንሸራተታል ብለው።

እህትየዋ ከሰላምታ ሌላ እስከ ዛሬ አታናግረኝም፤ እኔም አልጎደለብኝም። ልጁ አሁን ይራመዳል፤ አልጋው ጠቦታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እኔ ገበያ ደርሼ እስክመጣ አማቴ ፀጉሩን ሳይጠይቁኝ ሙልጭ አድርገው አስላጭተውት አገኘሁ፤ በዚያ ብርድ። እንደገና አንድ ሳምንት ተኮራርፈን ሰነበትን።

ስለ ልጅቱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንስተን አናውቅም። ለባሌም አልነገርኩትም። አንዳንዴ ሁላችን በተቀመጥንበት እሱ "የእማ የበኩር ልጅ እህቴ ናት" ብሎ ለሰው ሲያወራ አማቴ ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔም አያቸዋለሁ። ከዚያ እሳቸው ወደ ሥራቸው፣ እኔም ወደ ሥራዬ።